ሄንሪክ ቨርገላንን ለወዳጆቼ እንዴት አቀረብኩት?

ኦስሎ የምንኖር ጥቂት ሐበሾች አልፎ አልፎ እየተገናኘን ስለምንኖርበት አገር እንማማራለን። የኔ ተራ ሲደርስ ገጣሚውን ሄንሪክ ቨርገላንን መረጥኩ። ኖርዌዮች ሜይ 17ን፣ የሕገ መንግሥታቸውን ቀን፣ ሲያከብሩ ስሙን ያነሱታል። ለምን እንደሚያነሱት ግን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር።

ሆን ብዬ ከግጥሞቹ ሳይሆን ከሕገ መንግሥቱ ጀመርኩ። በፈረንጆቹ 1814 አይድስቮል በተባለ ቦታ 112 ሰዎች ተሰብስበው ያወጡት ሕገ መንግሥት ለዘመኑ እጅግ ነጻነት የሰጠ ነበር። አንቀጽ 2 ግን አይሁዶች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ይከለክላል። ክልከላውን ከደገፉት የጉባኤው አባላት አንዱ ኒኮላይ ቨርገላን የሚባል ቄስ ነው። የገጣሚው አባት! ይህን ስናገር ሁሉም ቀና አለ። አባት የዘጋውን በር ልጅ ሊከፍት ተነሳ ማለት ነው። ስለ ገጣሚ የምታወሩ ከሆነ መጀመሪያ የታገለለትን ጉዳይ አሳዩ። ግጥሙን ሰው ራሱ ይጠይቃችኋል።

ቀጥዬ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና ዓመቶቹን በተራ ጻፍኩ። በ1839 ቨርገላን ክልከላው ይነሳ ብሎ ለፓርላማው ሐሳብ አቀረበ። በ1842 ድምፅ ተሰጠ፤ 51 ደገፉ፣ 43 ተቃወሙ። አብላጫ ድምፅ ቢያገኝም ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋልና ወደቀ። በ1845ም በ1848ም ወደቀ። ያለፈው በ1851 ነው። ቨርገላን ግን ጁላይ 1845 ላይ፣ ገና በ37 ዓመቱ ሞቷል። ድሉን አላየም። አንዷ እህታችን «ታዲያ ምን አተረፈ?» አለች። መልሱን ለግጥሙ ተውኩት።

በ1842 «አይሁዳዊው» የተባለውን መድበል አሳትሞ ነበር። ከውስጡ «የገና ዋዜማ» የሚለውን መረጥኩ። አንድ ሽማግሌ አይሁዳዊ ነጋዴ ሸቀጡን ተሸክሞ በበረዶ ማዕበል ጫካ ያቋርጣል። የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። መንገዱን ትቶ ይፈልጋታል፣ በልብሱ ይሸፍናታል። ከዚያ የቤት መብራት አይቶ ያንኳኳል። ማን እንደሆነ ሲናገር በገና ሌሊት አይሁዳዊ አናስገባም ይሉታል። ሲነጋ ደጃፋቸው ላይ ደርቆ ተገኘ። የታቀፋት ሕፃን የዚያው ቤት ልጅ ነበረች።

ጥቂት መስመር በኖርዌጂያንኛ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፤ የቀረውን በአማርኛ እንደ ተረት ተረኩት። ቋንቋው የድሮ ስለሆነ መስመር በመስመር ማብራራት ያደክማል። ትረካው ግን ያዛቸው። ጥያቄ የጠየቀችው እህት እንባዋን ስትጠርግ አየሁ፤ እኔም ጉሮሮዬ ተይዞ ነበር። የስደት ወረቀት ይዞ እዚህ አገር በር ያንኳኳ ሰው ይህን ግጥም በሩቅ አያነበውም።

ቨርገላንን ቅዱስ አድርጌ ላለማቅረብም ተጠነቀቅኩ። ለሠራተኛው ሕዝብ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር፣ ድሆች እንዲያነቡ ይደክም ነበር። ግን ያኔ ስዊድንንና ኖርዌይን አንድ ላይ ይገዛ ከነበረው ከንጉሥ ካርል ዮሃን ድጎማ ሲቀበል የገዛ ወዳጆቹ ተሸጠ አሉት። ይህን ስጨምር ሞቅ ያለ ክርክር ተነሳ፤ ከምሽቱ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ገንዘቡን መቀበሉን ዛሬም የማልነቅፍበት ምክንያት አለኝ፤ ከዚያ በኋላም ብዕሩ አልዛለም።

በሌላ ቀን ተያይዘን ወደ መቃብሩ ሄድን። ቮር ፍሬልሰርስ የሚባለው መካነ መቃብር መሀል ከተማ ስለሆነ በእግር ይደረሳል። ሐውልቱን ያቆሙለት ከኖርዌይ ድንበር ውጭ ያሉ አመስጋኝ አይሁዶች መሆናቸው ድንጋዩ ላይ ተጽፏል። የተመረቀው በ1849 ነው፤ ሕጉ ገና ሳይነሳ። ወዳጆቼ ሕጉ የተነሳበትን ዓመት ከግድግዳው ወረቀት ያስታውሱት ስለነበር ማብራራት አላስፈለገኝም።

እንዲህ ያለ ነገር ማዘጋጀት የምትፈልጉ ሥራዎቹን በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታገኛላችሁ። ሜይ 17 ኦስሎ ከሆናችሁ ደግሞ ወደ መቃብሩ ብቅ በሉ፤ የአይሁድ ወጣቶች በየዓመቱ በዚያ ቀን አበባ ያኖሩለታል።