ወፍ ለማየት ወጥቼ ለቅሶ ተቀመጥኩ

ባህር ዳር ላይ አንድን ነገር ብቻህን ቆመህ ማየት አይቻልም። አንተ አንገትህን ቀና ካደረግህ አጠገብህ ያለው ሰውም ቀና ይላል። ሁለት ሰው ቀና ካለ ባጃጅ ይቆማል። ባጃጅ ከቆመ ደግሞ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የአንተ አይደለም፣ የሕዝብ ነው።

የጥምቀት ሰሞን ነው። የእህቴ ልጅ ባዮሎጂ ያጠናል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የወፍ ልክፍት ይዞታል። ምሳ እየበላን እንኳ ጉርሻውን አየር ላይ አቁሞ መስኮት መስኮቱን ያያል። እናቱ «ልጄን ምን አስነክተውብኝ ነው?» ብላ ጠበል ልትወስደው አስባ ነበር። «ተይው፣ ትምህርት ነው» ብዬ ያስቆምኳት እኔ ነኝ።

የሚከታተላቸው ወፎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡትን ነው። እዚያ በረዶ ሲጥል እዚህ በጋ ነው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ጣና ዙሪያ የውጭ እንግዳ ይበዛል። ኮመን ክሬን የሚሏቸው እግረ ረጃጅሞች በሺዎች ሆነው ፎገራ ሜዳና ጭምባ ረግረግ ላይ ይሰፍራሉ። ቀን ከታጨደ ማሳ ላይ የወደቀ እህል ይለቅማሉ። ማታ አውሬ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ቪዛ የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ የባንክ ስቴትመንት የለ። እኛ ወደ እነሱ አገር ለመሄድ የምንሞላው ፎርም ትዝ ብሎኝ ትንሽ ቅር አለኝ።

በየዓመቱ ጥር ላይ የውኃ ወፎች በብዙ አገሮች በአንድ ሰሞን ይቆጠራሉ። ቆጠራው በ1967 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ልጁም ለመለማመድ ብሎ የራሱን ትንሽ ቆጠራ ጀመረ። ጓደኞቹ «በዚህ ብርድ ከአልጋ አንወርድም» አሉት። ረዳትነቱ ለእኔ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ላንተ አንድ ወፍ ብቻ ነው የምሰጥህ» አለኝ።

«ዶሮ ከሆነ እስማማለሁ።»

አልሳቀም። ወፉ ኦስፕሬይ ይባላል። አሞራ ነው፤ ግን ከአሳ ሌላ እምብዛም አይቀምስም። ከላይ ሆኖ አሳውን ያይና እግሩን አስቀድሞ ውኃው ላይ ይወረወራል። የእግሩ መዳፍ ሻካራ ስለሆነ የሚያሟልጨው አሳ አያመልጠውም። እዚሁ የሚኖረው ራሰ ነጩ የአሳ ንስር ደግሞ አንዳንዴ ያሳድደውና ይነጥቀዋል። የእኛ እንግዳ ተቀባይነት ወፎቹ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው።

ዕቅዱ ቀላል ነው። እሱ ከአንድ አሳ አጥማጅ ጋር በታንኳ ሆኖ ደንገሉን ታክኮ ይሄዳል። ወፉ ደንግጦ ከተነሳ ወደ ወደቡ በኩል ይበራል። እኔ ወደቡ አጠገብ ቆሜ በባይኖኩላር እጠብቀዋለሁ። ባይኖኩላሩ 8 በ42 የሚባለው ነው፤ 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። ከአስተማሪው የተዋሰው ስለሆነ አንገቴ ላይ ሲያጠልቅልኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ብጠፋ ይሻላል፣ ይሄ እንዳይጠፋ» አለኝ።

ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታዬን ያዝኩ። የጥር ጠዋት ጣና ዳር ይበርዳል። ጋቢዬን እስከ ራሴ ተከናንቤያለሁ። ባህር ዳር ከሐይቁ በስተደቡብ ስለሆነች ፊትህን ወደ ውኃው ስታዞር ፀሐይዋ ከቀኝና ከጀርባ ትመጣለች፤ ለማየት የተመቸ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ዘጌ በግራ በኩል ጠቆር ብሎ ይታያል። አሳ የሚበለትበት ቦታ ፔሊካኖች ሆድ ዕቃ እስኪጣልላቸው ተሰልፈዋል። ከኋላቸው አንድ አባ ኮዳ የሚባል ግዙፍ ወፍ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ይንጎራደዳል። ከሁሉም የወደድኩት ግን ያን ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር አሳ አጥማጅ ወፍ ነው። አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ ባለበት ቀጥ ይላል። ምንቃሩን ወደ ታች ይደፋል። ከዚያ ጡብ! ይዘላል። አሳ ይዞ ሲወጣ ቅርንጫፍ ላይ ሄዶ ደጋግሞ ይፈጠፍጠውና ይውጠዋል። በዚህ ዕድሜዬ ስንቴ በዚያ ሳልፍ አላየሁትም።

ነፋሱ ግን ዓይኔን አስለቀሰኝ። ሁለት ዘለላ እንባ ጉንጬ ላይ ወረደ። እጄ ባይኖኩላር ስለያዘ አልጠረግሁትም።

አንድ ትንሽዬ ሊስትሮ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የምታየው?»

«የእህቴ ልጅ ታንኳ ይዞ ገብቷል። እስካሁን አልወጣም» አልኩት። ይኸው ነው ያልኩት። አንድም ውሸት የለበትም።

ልጁ ዝም ብሎ ሄደ። ጀበና አጠገብ ለተቀመጠችው ቡና ሻጭ ሲነግራት ይሰማኛል። «ያ ሰውዬ የእህቱ ልጅ ውኃ ገብቶ አልወጣም።» ታንኳዋ መንገድ ላይ ቀረች። ቡና ሻጯ ለባጃጁ ልጅ ስትነግረው ደግሞ «ገና ሌሊት ነው አሉ የገባው» የሚል ተጨመረበት። ባጃጁ ሞተሩን አጠፋ። እንደነገርኳችሁ፣ አለቀ።

ባይኖኩላሩን ከዓይኔ ሳወርድ ዙሪያዬ ሰው ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን መስቀለኛ ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ይመስለኛል፤ ከጊዮርጊስ እየተመለሱ ነው። እንባዬን አዩት። ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አይዞህ ልጄ። እግዜር ያጥናህ።»

«ኧረ እናቴ፣ እኔኮ ወፍ ነው የማየው!»

ሕዝቡ እርስ በርስ ተያየ። አንድ ጎልማሳ ራሱን ነቀነቀ። «ድንጋጤ ነው። እንዲህ ያደርጋል። ውኃ ስጡት።» ውኃ መጣ። ፊቴን አጠቡኝ። ጠጣም አሉኝ። ከየት እንደመጣ ያላየሁት ዱካ ከኋላዬ ገባና ጫን አድርገው አስቀመጡኝ።

አንድ ረጅም ወጣት «ለፍለጋው ያስፈልጋል» ብሎ ባይኖኩላሩን ከአንገቴ አወለቀው። ዘልዬ ተነሳሁ።

«ስጠኝ! የሰው አደራ ነው! ምን ብዬ ልመልስ ነው?»

ይሄኔ ነው የባሰው። «አደራ ብላው ነው እኮ እናቱ!» አለች ቡና ሻጯ። «ወይኔ! ለእናቱ ምን ብሎ ይንገራት!» ሴቶቹ አለቀሱ። ሁለት ሰዎች ትከሻዬን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ።

ወጣቱ ባይኖኩላሩን ገልብጦ በሰፊው በኩል አየ። በዚያ በኩል ሲያዩ ነገሩ ሁሉ እንደሚርቅ የያዘው ሰው ያውቃል። እሱ ግን «ኧረ በጣም ርቆ ሄዷል!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ አብሮ ጮኸ።

ከዚያ ምርመራ ተጀመረ። አንዱ «ጉማሬ ነው የገለበጠው» አለ። ሌላው «ሁለት ናቸው፣ እኔ ትናንት አይቻለሁ» አለ። ሦስተኛው እምቦጩን ወነጀለ፤ እምቦጩ በብዛት ያለው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ቢሆንም ወንጀል እዚህም አይጠፋበትም። አንድ ሰውዬ «ጣና ታች የለውም» አለ። ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 15 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት ቡና ሰጡኝ።

ልብ ያለው አንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ ብቻ ነበር። ታንኳውን ደንገሉ እንዲደርቅለት ከግንድ ጋር አስደግፎ እያቆመ «እናንተ ሰዎች፣ ታንኳ እኮ አይሰምጥም» አለ። «ደንገል ነው። ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ቢገለበጥ እንኳ ይንሳፈፋል። ይዞት ይመጣል።» ማንም አልሰማውም። እንዲያውም አንዱ «አያ፣ ዛሬ ቀልድ አይሆንም» ብሎ ተቆጣው።

ባይኖኩላሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እኔ ዓይኔ እሱ ላይ ነው። በመጨረሻ ያ ሊስትሮ እጅ ገባ። ልጁ አጥሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ቢወድቅ የሚሰበረው አስተማሪው ዘንድ የሚቀርበው ዕቃ ነው፤ ስለዚህ «ውረድ! ኧረ ውረድ በጊዮርጊስ!» እያልኩ እለምናለሁ። የእማማ ትርጓሜ «ውኃው እንዲወርድ ነው የሚለምነው» የሚል ነው።

አሁን የሚመጣውን ጠብቃችኋል። የባጃጁ ልጅ የእህቴ ሰፈር ልጅ ኖሯል። ደውሎላታል።

እህቴ ጫማ ሳታደርግ ደረሰች። ከባጃጅ ስትወርድ ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላት። አጠገቤ ስትደርስ ፊቴን አየች፣ ዱካውን አየች፣ በእጄ ያለውን ስኒ አየች።

«ልጄ ውኃ ውስጥ ነው፣ አንተ ቡና ትጠጣለህ?»

ልመልስ ስል ከደንገሉ ጥግ ታንኳዋ ብቅ አለች። ልጁ ከፊት ተቀምጦ በሁለት እጁ ያውለበልባል። ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ሱሪው መራሱ የማይቀር ነው፤ ከወገቡ በታች በስብሷል። ለሕዝቡ ግን ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። «ከጉማሬ አፍ ተረፈ!» ተባለ። እልልታው ቀለጠ። ፔሊካኖቹ እንኳ ሰልፋቸውን ትተው ተነሱ።

ልጁ የሰማው ነገር የለም። ገና ሳይወርድ ይጮሃል። «ጋሼ! አየኸው? በአናትህ ላይ ነው ያለፈው! ከነአሳው!»

መጀመሪያ የደረሰችበት እናቱ ናት። ሳመችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ገረፈችው። ከዚያ መልሳ ሳመችው። ባጃጅ ውስጥ ሆና ለጊዮርጊስ ዘርፍ ያለው ትልቅ ጃንጥላ ተስላ ኖሯል። ስለት ደግሞ ሙት ስላልነበረ ተብሎ አይሰረዝም።

«ጃንጥላውን የምታስገባው አንተ ነህ» አለችኝ።

ቡና ሻጯም መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከነአክብሮቷ፣ 31 ስኒ አለች። ለቅሶ የደረሰው ሁሉ በእኔ ሒሳብ ነው የጠጣው። «ሐዘን ቤት አይደል፣ ማንን ልጠይቅ?» አለች። ትክክል ናት፣ ምን እላለሁ። የባጃጁ ልጅም የእህቴን መምጫ አስታወሰኝ።

ይህን እየከፈልኩ ሳለ ልጁ ደብተሩን አውጥቶ ይለምነኛል። «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ላይ? በየት አለፈ? ብቻውን ነው?» እኔ ያየሁት ነገር ቢኖር ነጠላ ነው።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለ አጥሩ ላይ ያለው ሊስትሮ።

ዞር አልን።

«ሆዱ ነጭ ነው። ዓይኑ ላይ እንዲህ ጥቁር ሰረዝ አለው።» በጣቱ ከዓይኑ እስከ ጆሮው አሰመረ። «አሳውን አግድም አልያዘም። ራሱን ወደ ፊት አድርጎ፣ በቁመቱ ነው የያዘው። ከዚያ አንድ ሌላ ነጭ ራስ አሞራ ጮኸበት፣ ወደ ዓባይ መውጫ በኩል ተባረሩ።»

የእህቴ ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። ኦስፕሬይ አሳን የሚሸከመው ልክ እንደዚያ ነው፤ ነፋሱ እንዳይከብደው ራሱን ወደ ፊት ያዞረዋል። የሊስትሮውን ስም በደብተሩ ላይ «ተመልካች» ከሚለው ፊት ጻፈው። የእኔን ስም ሰርዞ ነው። ባይኖኩላሩንም ከእሱ ተቀበለ፤ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

ሊስትሮው ከአጥሩ ወረደና ሣጥኑን ከእግሬ ሥር አስቀመጠ። ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ልጥረገው፣ ጋሼ?»

«ስንት ነው?»

«ቅድም በነጻ ልሠራልህ አስቤ ነበር» አለኝ ብሩሹን እያወጣ። «አሁን ግን ልጁ ተገኝቷል።»