የጦስኝ ዘይት ልታወጡ ያሰባችሁ፣ የጎማ ቱቦውን ጣሉት

ደሴ ላይ ጦስኝ ማግኘት ችግር አይደለም፤ ከደጋው ይዘው የሚወርዱ ሴቶች ገበያ ላይ በእስር በእስር ይሸጡታል። ማድረቁም ቀላል ነው፤ ጥላ ውስጥ ሳሳ አድርጎ መዘርጋት ብቻ። ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ሰው ሽታውን ለጎረቤት እያደለ ነው።

ሻዩ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። «ካልተንተከተከ አይወጣም» እያሉ ክዳኑን ከፍተው የሚያፈሉት ለዚህ ይሆናል። እንፋሎቱ ይዞት የሚሄደው ግን ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉትን፣ ሽታ የሚሰጡትን የዘይቱን ንጥረ ነገሮች ነው፤ ባክቴሪያና ፈንገስ ላይ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ውሃውን አፍሉ፣ ከእሳት አውርዱ፣ ጦስኙን ጨምሩ፣ ክደኑ። አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ክዳኑን ስታነሱ ከሥሩ የተንጠለጠሉትን ጠብታዎች ወደ ሻዩ መልሱ፤ ቀምሳችሁ እዩዋቸው፣ ምላስ ያቃጥላሉ።

አሁን ወደ ዘይቱ። አንድ መሥሪያ ቤት የጦስኝን ዘይት በእንፋሎት ስለማውጣት ሥልጠና ሰጠን፤ ድስት፣ የጎማ ቱቦና የፕላስቲክ ጠርሙስ አደለን። ቱቦው አላማረኝምና ጠየቅሁ። አሠልጣኙ «እንፋሎት እንፋሎት ነው፣ በምንም ያልፋል» አለ። የጦስኝ ዘይት ግን ጎማን ያለሰልሳል፣ ብዙ ዓይነት ፕላስቲክንም ይበላል፤ ይህን ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ሊነግረን ይገባ ነበር። የመጀመሪያው ምርት ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ሽታው የጎሚስታ ቤት ነው። ቱቦው አብጦ ጣት ላይ ይጣበቃል። በዚያ ላይ «ቅጠሉን ውሃው ውስጥ ጠቅጥቁት» ስለተባለ ከታች አርሮ የጭስ ጠረን ገባበት።

ጠርሙሱን ይዤ ሄድኩ። «በደብዳቤ አቅርብ» አሉኝ። አቀረብኩ። ለሌላ ክፍል ተመራ። ያ ክፍል ደግሞ «ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ምግብ ከሆነ እነሱ ጋ ነው፣ መድኃኒት ከሆነ አይመለከታቸውም። የእኔ ጥያቄ ስለ ቱቦ ነበር! በመጨረሻ «በማኑዋሉ መሠረት ነው የተሠራው» የሚል መልስ አገኘሁ። ማኑዋሉን ግን ማንም አላሳየኝም። የሥልጠናው የምስክር ወረቀት በወቅቱ ደርሶኛል፤ ላሚኔት ተደርጎ።

ያዳኑኝ አረቄ የሚያወጡ ጎረቤቴ ናቸው። ቱቦውን አዩና «አንተ ልጅ፣ አረቄ በጎማ ሲወጣ የት አየህ?» አሉኝ። እሳቸው በመቃ ነው የሚያወጡት። መገጣጠሚያውን በሊጥ ደፍነው፣ እሳቱን አሳንሰው፣ «አትቸኩል፣ ከቸኮልክ ትኩሱን ታወጣዋለህ» አሉ። እውነት ነው፤ እንፋሎቱ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ከወጣ ዘይቱ አየር ላይ ይቀራል። እኔ ቱቦውን በአይዝጌ ብረት ቀየርኩት፣ ቅጠሉንም ከውሃው በላይ ወንፊት ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ንጹሕ ዘይት ነው፤ ከደረቁ ቅጠል ክብደት አንድ ከመቶ አካባቢ። ጥቁር ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡት። በጠብታ የሚያስውጧችሁን አትስሟቸው፤ ያልተበረዘ ዘይት አፍና ቆዳ ያቃጥላል። የግፊት ኪኒናቸውን ትተው ወደ እኔ የሚመጡትንም ሳልሸጥላቸው እመልሳለሁ።

አረቄ ውስጥ መዘፍዘፍ ከሁሉም ይቀላል፤ አልኮሉ ዘይቱን፣ ውስጡ ያለው ውሃ ደግሞ ሌላውን ያወጣል። ምግብ ዘይት ውስጥ ከሆነ ደረቁን ብቻ ዘፍዝፉ፤ እርጥቡ አየር የሌለበት ዘይት ውስጥ ሲቆይ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል።

አሠልጣኙ «ድፉት» ያለውን ከዘይቱ ጋር የሚወርደውን ውሃ አትድፉት። ታይሞል ውሃ ውስጥ ትንሽም ቢሆን ስለሚሟሟ ሽታውን ይዞ ይቀራል። እኔ ግማሹን ለሚቀጥለው ዙር ወደ ድስቱ እመልሰዋለሁ፤ ግማሹን ፍሪጅ አስገብቼ አፌን እጉመጠመጥበታለሁ። ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ጥቁሩ ውሃ ደግሞ መራራ ነው፤ እንደ ሮዝማሪኒክ አሲድ ያሉት የማይተኑት ነገሮች እዚያና ቅጠሉ ውስጥ ነው የሚቀሩት። ዘይቱን ብቻ የገዛ ሰው እነሱን አላገኘም፤ ደንበኞቼ ሲጠይቁኝም ይህንኑ ነው የምነግራቸው።