ፍልሰታን በኤደን ሴንተር

ፍልሰታ የገባ ሰሞን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ እህቴ ቤት ነበርኩ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሞልቷል። በአራተኛው ቀን ግን እትዬ የመኪና ቁልፏን አነሳችና «ዛሬ ቬትናሞቹ ጋ ነው የምንበላው፤ ጾም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው» አለችኝ። ከስካይላይን ተነስተን ሩት 7ን ይዘን፣ የሐበሻ ሱቆቹን እያለፍን ሰቨን ኮርነርስ ደረስን።

ኤደን ሴንተር ፎልስ ቸርች ውስጥ፣ ዊልሰን ቡሌቫርድ ላይ ያለ የገበያ ግቢ ነው። ከበሩ ግራና ቀኝ አንበሶች ቆመዋል። ገባ ሲሉ ከአሜሪካ ባንዲራ ጎን ሌላ ባንዲራ ይውለበለባል፦ ቢጫ ሆኖ ሦስት ቀይ መስመር ያለው የደቡብ ቬትናም ባንዲራ። ዋና ከተማው ሳይጎን ኤፕሪል 30 ቀን 1975 ከወደቀች ወዲህ ያ መንግሥት የለም፤ እዚህ ግን ባንዲራው ከፍ ብሎ አለ። ሥሩ ቆሜ ቀና ብዬ ሳየው ሆዴ ባባ። እኛም ከየቤታችን የተሰደደ ሰው አለንና።

የቬትናም ስደተኞቹ መጀመሪያ ሱቅ የከፈቱት አርሊንግተን፣ ክላረንደን ነበር። የሜትሮው መስመር ሲሠራ መንገዱ ተቆፋፍሮ ገበያተኛ ስለሸሸ ኪራዩ ረክሶ ነበር። በ1979 ባቡሩ ሲጀምር ኪራዩም አብሮ ወጣ፣ እነሱም ቀስ በቀስ ሰፈሩን ለቀው ሄዱ። ኤደን ሴንተር የተከፈተው በ1984 ነው። ስሙን ያገኘው ሳይጎን ውስጥ ከነበረ ኤደን ከሚባል የገበያ ማዕከል ነው፤ የሰዓት ማማውም የሳይጎንን የቤን ታን ገበያ እንዲያስታውስ ተደርጎ ተሠርቷል።

እትዬ በቀጥታ ታን ሶን ቶፉ የሚባል ቤት ወሰደችኝ። ቶፉ ማለት የአኩሪ አተር ወተት ረግቶ፣ ውሃው ተጨምቆ የሚወጣ፣ አይብ የመሰለ ምግብ ነው። አዲስ አበባ በፕላስቲክ ታሽጎ የቀመስኩት ጣዕም አልነበረውም። የእነሱ ግን ትኩስ ነው፤ ከላይ ተጠብሶ ውስጡ እንደ እንቁላል ለስላሳ ነው። አንዱ እንጉዳይ አለበት፣ ሌላው በጠጅ ሣርና በቃሪያ የተጠበሰ ነው። እናቴ ጓሮዋ የምታበቅለው ጠጅ ሣር ወጥ ውስጥ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ ቁራጭ አፌ ውስጥ አድርጌ ዝም አልኩ። እትዬ ሳቀች።

ጾም የሚያውቁት ለካ ከእምነታቸው ነው። ብዙ የቬትናም ቡድሂስቶች በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛው ቀን ሥጋ አይበሉም። የዚያ ምግብ ስሙ «ቻይ» ነው። በእኛ አፍ ቻይ ማለት ታጋሽ መሆኑን ሳስብ ቃሉን ወደድኩት፤ ለጾመኛ የሚገባ ስም ነው።

ቃሉን ግን በጊዜው አልተጠቀምኩበትም። በሳምንቱ ብቻዬን መጥቼ ሌላ ቤት፣ ሥጋ የሌለበት የሩዝ ኑድል በቶፉ አዘዝኩ። ማጥቀሻው ጣፋጭና ጨዋማ ነበር፣ ጨርሼ ነው የበላሁት። ከምን እንደሚሠራ የጠየቅኩት ሒሳብ ስከፍል ነው፦ ኑክ ማም፣ ትንንሽ አሳ በጨው ታምቆ የሚወጣ ፈሳሽ። ባደግኩበት ቤት በፍልሰታ አሳ አይቀመስም። ከልቤ አዘንኩ። ጾመኛ ሆናችሁ ከሄዳችሁ «ሥጋ የለውም ወይ?» ብላችሁ አትለፉ፤ «ቻይ» በሉ፣ ስለ ማጥቀሻውም ለይታችሁ ጠይቁ። ጥሬ ገንዘብም ያዙ፣ ካርድ የማይቀበል ቤት ያጋጥማል።

ጾሙ እንደተፈታ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከእትዬ ጋር ተመለስን። ለዚህ ቀን የጓጓሁለት ፎ የሚባለው የሩዝ ኑድል ሾርባ ነበር፤ ፎ ሴ ሉዋ የሚባል ቤት ገባን። መረቁ ከከብት አጥንት ነው፤ ከቀረፋ፣ ኮከብ አኒስ ከሚባል ቅመም፣ በእሳት ከተለበለበ ዝንጅብልና ሽንኩርት ጋር ለሰዓታት ይንተከተካል። «ታይ» ብላችሁ ካዘዛችሁ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ጥሬ ሥጋ ይደረግበትና የሚፈላው መረቅ ያበስለዋል። ቶሎ ካነሱት መሐሉ ቀይ ነው፣ የእኛው ለብ ለብ ማለት ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ይህን ሳይቀምስ ከዋሽንግተን አካባቢ ባይወጣ ደስ ይለኛል። ከጎን በሰሐን የሚመጣው ቅጠል የበሶብላ ዘመድ ነው፤ እየበጠሱ ይጨምሩታል። ሎሚም፣ ቃሪያም አለ።

ሁዎንግ ቢን ዳቦ ቤት ለመንገድ የሚሆን ባን ሚ ይሸጣል፦ ከፈረንሳዮች በተማሩት ረጅም ዳቦ ውስጥ ሥጋ፣ በኮምጣጤ የቆየ ካሮትና የድንብላል ቅጠል። ጥሩ ነው፤ የእኔ ልብ ግን ፎው ጋ ቀርቷል።

ከምሳ በኋላ ቡና ጠጣን። ብርጭቆ ላይ የብረት ማጥለያ ይቀመጣል፣ ከሥር የጣፋጭ ወተት አለ፣ ቡናው ጠብ ጠብ ይላል። ቬትናም የምታበቅለው በአብዛኛው ሮቡስታ የሚባለውን የቡና ዓይነት ስለሆነ ከእኛው ይመራል፣ ይከብዳልም። አይቸኩልም፤ የወደድኩለትም ይህን ነው። ደጅ ሽማግሌዎች ሰንጠረዥ ከበው ተቀምጠዋል፣ አንዱ ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት ረጅም ጊዜ ያስባል። እትዬ እያየቻቸው «አባባም ቢኖር እንዲህ ባለ ቦታ ነበር የሚቀመጠው» አለች። ሁለታችንም ቡናው ወርዶ እስኪያልቅ አልተናገርንም።

በማግስቱ ረቡዕ ስለነበር፣ ከመውጣታችን በፊት ታን ሶን ጎራ ብለን ባለ ጠጅ ሣሩን ቶፉ ለሁለት ቀን የሚበቃ ገዛን።