ኩላሊቱ ሰላም ነው፣ ነጭ ደም ሴሌ ግን ወርዷል

ዛሬ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ክትትል ቀኔ ነበር። ክሬቲኒን (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ጥሩ ነው፣ እንደውም ካለፈው ወርዷል። ዶክተሯ ግን ዓይኗን ነጭ ደም ሴሌ ላይ ተክላ ቀረች። ተጠርጣሪው ቫልጋንሲክሎቪር ነው፣ ሳይቶሜጋሎቫይረስ እንዳይነሳብኝ በየቀኑ የምውጠው ኪኒን።

ይሄ ቫይረስ የሄርፒስ ዘመድ ነው፤ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ተኝቶ ይኖራል። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኖሩንም አያውቅም። እኔ ከንቅለ ተከላው በፊት አልነበረብኝም፣ ኩላሊት የሰጠኝ ወንድሜ ግን ነበረበት። እናም ከኩላሊቱ ጋር ምርቃት ሆኖ መጣልኝ ማለት ነው! ከሁሉም አደገኛው ጥምረት ይሄ ስለሆነ እንደኔ ላለ ኩላሊት ተቀባይ መከላከያው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ወር ይሰጣል።

«ታዲያ ላቁመው?» አልኳት።

«በራስህ እንዳታደርገው!»

መጠኑን ዝም ብሎ መቀነስም አይሆንም አለች፣ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። አሲክሎቪር ቢተካውስ ስላት ሳቀች። እሱ ለከንፈር ቁስልና ለአልማዝ ባለጭራ ነው፣ ለዚህኛው አቅሙ ደካማ ነው። በመጨረሻ የቀነሰችልኝ ማይኮፌኖሌትን ነው፣ የሰውነትን መከላከል አቅም የሚያዳክመውን ኪኒን፤ እሱም ነጭ ደም ሴል ያወርዳል ለካ። እሱን መቀነስ ደግሞ ሰውነቴ ኩላሊቱን እንዳይገፋው ያሰጋል፣ በዚህም በዚያም ጣጣ ነው።

እናንተ ንቅለ ተከላ ያደረጋችሁ፣ መከላከያው ካለቀ በኋላም ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ድካም ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ቫይረሱ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ያኔ ነው። እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ድጋሚ ደም እሰጣለሁ።