ማዳበሪያው አንድ፣ አፈሩ ግን ብዙ

በአንድ ማሳ ላይ እኩል የተበተነ ዩሪያ ከየቦታው እኩል ጋዝ አያስወጣም። ከፍ ያለው የማሳው ክፍል ውሃውን ቶሎ አሳልፎ አየር ሲያገኝ፣ ታጥቦ የወረደው ደለል የሚከማችበት ዝቅተኛው ክፍል ረጥቦ ስለሚሰነብት፣ በጥቂት እርምጃ ርቀት የሚለካው የናይትረስ ኦክሳይድ መጠን ብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያህል ሙቀት የማመቅ አቅም ስላለው፣ ልዩነቱ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

ምክንያቱ በአብዛኛው በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገኛል። ውሃ ከቀዳዳዎቹ እስከ 60 በመቶ ገደማ ሲይዝ፣ ኦክስጅን የሚሹ ባክቴሪያዎች ከዩሪያው የሚገኘውን አሞኒየም ናይትሬት ወደተባለ ሌላ የናይትሮጅን ውህድ ይለውጣሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚያመልጠው ናይትረስ ኦክሳይድ አነስተኛ ነው። ውሃው ከዚያ ሲያልፍ ግን ኦክስጅን ያጠራቸው ሌሎች ባክቴሪያዎች በምትኩ ናይትሬቱን መጠቀም ይጀምራሉ፤ ልቀቱም ያሻቅባል። ከ80 በመቶ በላይ ከደረሰ፣ ጋዙ ከመውጣቱ በፊት ጉዳት ወደሌለው ናይትሮጅን የመለወጥ ዕድሉ ይሰፋል። ስለዚህ ለናይትረስ ኦክሳይድ የሚያሰጋው እርጥበቱ መካከል ላይ የቆመ አፈር ነው (ውሃ ለረጅም ጊዜ የሚተኛበት የሩዝ ማሳ በበኩሉ ሚቴን ያመነጫል)። ሸክላማ አፈርና በትራክተር ጎማ የተጠቀጠቀ መሬት ከዝናብ በኋላ በዚህ ሁኔታ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ።

የአሲዳማነት ነገር ከሚገባው በታች ይነገርለታል ብዬ አምናለሁ። ናይትረስ ኦክሳይድን ወደ ናይትሮጅን የሚለውጠው ኢንዛይም በአሲዳማ አፈር ውስጥ በአግባቡ ስለማይሠራ፣ ለውጡ መንገድ ላይ ተቋርጦ ጋዙ ወደ አየር ይወጣል። የአፈርን አሲዳማነት የሚቀንሰውን የኖራ ጥቅም ከምርት ጋር ብቻ አያይዘን ማየታችን ያሳዝነኛል፤ እርግጥ ነው፣ ኖራው ራሱ በአፈር ውስጥ ሲሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ሁለቱ አብረው መሰላት አለባቸው።

በይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ለማሳ ከሚሰጠው ናይትሮጅን 1 በመቶው በናይትረስ ኦክሳይድ መልክ እንደሚወጣ በመነሻነት አስቀምጦ፣ በ2019 ማሻሻያው ለሰው ሠራሽ ማዳበሪያ በእርጥበታማ አካባቢ 1.6፣ በደረቅ አካባቢ 0.5 በመቶ ብሎ ለይቶታል። ይህ ለአገር አቀፍ ቆጠራ ይበጃል። ለአርሶ አደሩ ግን የሚጠቅመው ከማሳው የትኛው ክፍል ውሃ እንደሚያቁር፣ የትኛው አሲዳማ እንደሆነ ማወቁ ነው፤ እዚያ ላይ ውሃውን ማንጣፈፍ፣ ኖራ መጨመርና ከከባድ ዝናብ አስቀድሞ ማዳበሪያ አለመበተን፣ በመላው ማሳ ላይ ማዳበሪያን በእኩል ከመቀነስ የተሻለ ውጤት ሊሰጠው ይችላል።