ሲፕሮ ከመጻፍ እጄን የሰበሰብኩት እንዲህ ነው

ሐኪም ሆኜ በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት «ሽንቴን ስሸና ያቃጥለኛል» ያለች ሴት ሁሉ ከክፍሌ የምትወጣው ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የተባለው አንቲባዮቲክ ታዞላት ነበር። እጄ የለመደው እሱን ነው።

ያስቆመችኝ በሁለት ወር ውስጥ ሦስቴ የተመለሰች ታካሚ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት ሲፕሮ አዝዤላታለሁ። በሦስተኛው «ዶክተር፣ አንድም ቀን ሳላጓድል ነው የጨረስኩት» አለችኝ፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስል። ሽንቷን ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ለሚያሳይ ምርመራ፣ የላክሁት ያን ቀን ነው። ገና በመጀመሪያው ምልልሷ መላክ ነበረብኝ።

ውጤቱ ሲደርስ ራሴ ላብራቶሪ ሄድኩ። ባለሙያው ሳህኑን ወደ ብርሃን አዙሮ አሳየኝ፤ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሞልቶበታል። መድኃኒት የተነከሩት ትንንሽ ክብ ወረቀቶች በላዩ ተደርድረዋል። በአንዳንዶቹ ዙሪያ ባክቴሪያው ማደግ አቅቶት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። የሲፕሮው ወረቀት ግን ቀለበት የለውም፤ ባክቴሪያው እስከ ጠርዙ ድረስ በቅሏል። ሲፕሮ የሚይዘው ባክቴሪያው ዲኤንኤውን የሚያጠነጥንበትን ጋይሬዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ በጥቂቱ ከተለወጠ መድኃኒቱ መያዣ ያጣል። እኔ በየጊዜው ያዘዝኩት ክኒን በቀላሉ የሚሞቱትን እየጠረገ ለተላመዱት ቦታ ሲለቅላቸው ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ባለፉት ሦስት ወራት አንቲባዮቲክ ወስደዋል?» ብዬ ነው። ከወሰዱ ወይም ሕመሙ ከተመላለሰባቸው፣ የመጀመሪያው ክኒን ከመዋጡ በፊት ካልቸር አስልካለሁ። እርጉዝ ላልሆነች፣ ትኩሳትም የጎን ውጋትም ለሌላት ሴት ናይትሮፉራንቶይን የተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ለ5 ቀን አዝዛለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ መድኃኒት ነው፤ ባክቴሪያውን በብዙ አቅጣጫ ስለሚመታው መላመዱ ከብዶታል። ያቺም ታካሚ የዳነችው በእሱ ነው። ኩላሊት ውስጥ ግን በበቂ መጠን ስለማይገባ፣ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት መድረሱን የሚጠቁም ትኩሳት ወይም የጎን ውጋት ካለ አይሆንም። ኩላሊቱ ክፉኛ ለደከመ ሰውም አልሰጠውም።

ከሁሉ የከበደኝ ምንም አለማዘዝ ነው። ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቶ ሕመም ከሌለ፣ ከነፍሰ ጡርና የሽንት ቧንቧን ከሚያደማ ሕክምና በፊት ካልሆነ በቀር አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። በካቴተር (ፊኛ ውስጥ በሚገባ ቱቦ) የሚሸኑ ሰዎችማ ውሎ አድሮ ባክቴሪያ አይጠፋባቸውም። ይህን ማወቅ ሌላ፣ ለተጨነቀ ቤተሰብ ማስረዳት ሌላ።

አንድ ሽማግሌ በድንገት መቃዠት ጀምረው መጡ። ትኩሳት የላቸውም፣ ሲሸኑም አያማቸውም፣ ሽንታቸው ግን ደፍርሷል፣ ምርመራውም ባክቴሪያ አሳየ። ልጃቸው «ኢንፌክሽን እያዩ ዝም ይላሉ እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ለመናገር እጄ ወደ ማዘዣው ሄዶ ነበር። ተቀምጬ ምክንያቴን አስረዳሁት፤ ትኩሳት ካመጡ ወይም ከባሰባቸው ወዲያው እንደምጀምርም ነገርኩት። ከንፈራቸው ደርቋል፣ ለቀናት በደንብ አልጠጡም። ፈሳሽ ሰጥተን በቅርብ ተከታተልናቸው። በማግስቱ ከሰዓት ልጃቸውን በስሙ ጠሩት።