ይይዛል እንጂ አይለቅም

እ.ኤ.አ. የ1967 ሥሪት የሆነችው ኤምጂቢ መኪናዬ ፍሬን ስረግጥ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ነገር የሚመጣው እግሬን ሳነሳ ነው፤ ወደ ግራ ትስባለች። ትንሽ ነድቼ ስወርድ የፊት ግራ ጎማ ሙቀቱ ከሩቅ ይገርፋል፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራም ይሸታል።

ስለ ፍሬን ሳስብ የሚታየኝ መሄጃው ብቻ ነበር። እግር ፔዳሉን፣ ፔዳሉ የዋናውን ፓምፕ ፒስተን፣ ፒስተኑ ደግሞ ዘይቱን ይገፋል። ዘይት ቢጨመቅም ስለማያንስ ግፊቱ እንዳለ ጎማው ጋ ይደርሳል። እዚያ ያለው ፒስተን ስፋቱ የፓምፑን አራት እጥፍ ከሆነ ጉልበቱም አራት እጥፍ ይሆናል፤ የሚጓዘው ግን ሩቡን ነው። መመለሻውስ? የታንቡር ፍሬን መላሽ ሞላ አለው። እንደኔ የፊት ጎማዎች ባለ የዲስክ ፍሬን ላይ ግን ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚስበው ሲረገጥ የተለጠጠው የራሱ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ብቻ ነው፤ አቅሙም ትንሽ ነው።

ይህን ሳላስብ ካሊፐሩን (ፒስተኑን የያዘውን ዲስኩን የሚያቅፍ ክፍል) ፈታሁ። አዲስ ፒስተን፣ አዲስ ጎሚኒ፤ ለውጥ የለም። ይባስ ብሎ ከፍሬኑ መስመር አየር ስናስወጣ ጓደኛዬን «እስከ ታች ርገጠው!» አልኩት። የፓምፑ ጎሚኒ ለዓመታት ደርሶበት ወደማያውቀው ዝገት የያዘ ቦታ ገብቶ ተቧጨረ። በማግስቱ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ቀስ እያለ ይሰምጥ ጀመር። የኔ መኪና የፍሬን ዘይት መስመሯ አንድ ነው፤ ፓምፑ እምቢ ካለ የሚቀረኝ በገመድ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ መስመሩ ለሁለት እንዲከፈል ያስገደደችው ወዳ አይደለም። (የፈሰሰው ዘይት የፓራፋንጎዬን ቀለም እንደላጠው ሳልናገር አላልፍም። ወዲያው በውሃ ማጠብ ነበረብኝ።)

በመጨረሻ በክሪክ አንስቼ ፍሬኑን ረግጬ ለቀቅኩት። ጎማው አልዞር አለ። የአየር ማስወጫውን ብሎን ስፈታ ዘይት ፊን ብሎ ወጣና ጎማው ተለቀቀ። ስለዚህ ፒስተኑ አልደረቀም፣ ግፊት ታምቆ ነበር ማለት ነው። ደግሜ አስያዝኩትና አሁን ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ ከሚያደርሰው ተጣጣፊ የጎማ ቱቦ በላይ ያለውን የብረት ቧንቧ አላላሁ፤ ጎማው እንደተያዘ ቀረ። በሁለቱ መካከል ያለው ያ አንድ ክንድ የማይሞላ የጎማ ቱቦ ብቻ ነው።

ቆርጬ በቁመቱ ሰነጠቅኩት። ውጪው አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ አብጦ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መተላለፊያ ቀርታለች። የእግር ጉልበት ዘይቱን በግድ ያሳልፈዋል፤ የጎሚኒዋ ስበት ግን አይመልሰውም።

ቱቦዎቹን ሁሉ ቀየርኩ፣ ፓምፑን አደስኩ፣ ዶት 4 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ሞላሁ። ይህ ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ወደ 155 ሊወርድ ስለሚችል በየሁለት ዓመቱ እቀይረዋለሁ። አየር ሳስወጣም ፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አስቀምጣለሁ፤ ጓደኛዬ የፈለገውን ያህል ይርገጥ።